በሁለት ጎማ ከመርካቶ መውጣት

የመርካቶ ሳይክለኛ ብሶቱን ለማን ይንገር? ለቤተሰቡ ቢናገር «ማን አስገደደህ?» ይሉታል። ለጎረቤት ነጋዴ ቢያዋይ «በዚህ ዕድሜህ? ለምን መኪና አትገዛም?» የሚል መልስ ያገኛል። ትራፊክ ፖሊሱም ቀኑን ሙሉ ከሲኖትራክና ከባጃጅ ጋር ሲታገል ስለሚውል በሳይክል የመጣ አቤቱታ ጆሮው አይገባም። ስለዚህ የምንነጋገረው እርስ በርሳችን ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ሱቅ ሲቆላለፍ፣ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ ጎሚስታ ደጃፍ እንሰበሰብና «ነገ በየት እንውጣ?» እንባባላለን። ወሬው በዕቅድ ይጀመራል፤ በምሬት ያልቃል።

የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ከኮርቻው ኋላ ትንሽ ሻንጣ አስረን፣ አስጎብኚ ሳንቀጥር፣ መኪና ሳናስከትል፣ በራሳችን ጉልበትና በራሳችን ሰዓት ወደ ሐይቅ መውረድ፣ አንድ ሌሊት ማደር፣ ኮረብታውን ዞሮ መመለስ። ደክሞን ዛፍ ሥር ስንቀመጥ «ተነሱ» የሚለን እንዳይኖር፣ ውሃ ስንጠጣ እንዳንከበብ፣ ማታ ሳይክላችንን የምናሳድርበት ጥግ እንድናገኝ እንሻለን። ይህ በሌላው ዓለም ተራ የዕረፍት ዓይነት ነው። ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ በሚጋሩት የቦደን ሐይቅ ዙሪያ ወደ 260 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሳይክል መንገድ አለ። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ልጁን ከኋላ ያሳፈረ አባት፣ ሁሉም የመንገድ ምልክቱን እያየ ይዞረዋል፤ ከፈለገም ሻንጣውን ከሆቴል ሆቴል የሚያደርስለት ሰው ይቀጥራል። «እነሱማ ሀብታም ናቸው» የሚል ካለ ሩዋንዳን ይመልከት። የኪቩን ሐይቅ ተከትሎ ከሩባቩ እስከ ሩሲዚ የሚወርደው የኮንጎ ናይል መንገድ 227 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገትና ቁልቁለቱ የበዛ፣ አፈር የሚረገጥበት፣ በቡናና በሻይ ማሳ መካከል የሚያልፍ። ያቺው አገር መስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን ኪጋሊ ላይ አስተናገደች። ውድድሩ አፍሪካ ምድር ላይ ሲካሄድ ያ የመጀመሪያው ነው።

ታዲያ እኛ ዘንድ ምን ጎደለ? ከመርካቶ ተነስቶ በአሮጌው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል የነዳ ሰው ቢሾፍቱ ይገባል። ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጉድጓዶች ውስጥ ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቆች ተኝተዋል፤ በሳይክል ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። የቢሾፍቱ ሐይቅ ብቻውን ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ወደ ደቡብ ቢያዩ ዝቋላ አለ፤ 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አናቱ ላይ የራሱን ሐይቅ የያዘ ተራራ። ወደ ምዕራብ በወሊሶና በአምቦ መካከል ወንጪ አለ። ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆው የተደረደሩትን፣ ከዚያም ጣናን ሳንቆጥር ነው ይህ ሁሉ።

ሳይክልም ቢሆን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርኑ ኦሎምፒክ፣ ኅዳር 1949 ዓ.ም.፣ ብስክሌተኞቻችን ከሯጮቹ ጋር አብረው ሄደው ነበር፤ ገረመው ደንቦባም በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጥቷል። የመቐለው ልጅ ፀጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ተማሪውም ሠራተኛውም በሳይክል ሲመላለስ ማንም ዞሮ አያይም። ይህን ሁሉ ታሪክ ይዘን አንድ እሁድ በሰላም ወጥተን መመለስ አለመቻላችን ነው የሚያንገበግበኝ።

እሮሮው የሚጀምረው እዚሁ ሰፈራችን ነው። መርካቶ የማይሸጥ ነገር የለም ይባላል፤ ሳይክልም ሞልቷል። የልጆች ሳይክል ደጋፊ ጎማው እንደተገጠመለት በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ይታያል። ለትልቅ ሰው የሚሆነው፣ ለረጅም መንገድ የሚታመነው ግን አብዛኛው ያገለገለ ነው፤ ማርሹ የተበላ፣ ኩሽኔታው የሚንቋቋ፣ ፍሬኑ የላላ። እሱንስ እሺ፣ አድሰን እንነዳዋለን። መከራው መለዋወጫ ፍለጋ ነው። ከመነዳሪ ስትጠይቅ «ስንት ቁጥር?» ትባላለህ። «ሃያ ዘጠኝ» ብለህ ስትመልስ «ሃያ ስድስት ውሰድ፣ ይለጠጣል» ይልሃል ሻጩ። ይለጠጣል፤ ተለጥጦ የሳሳ ከመነዳሪ ግን ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይዘልቅም፣ ፀሐይ ሲነካው ይተረተራል። ቫልቩ ቀጭን የሆነ ከመነዳሪ ያለው ሰው ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው፤ የየመንገዱ ጎሚስታ መንፊያ የሚገጥመው ለመኪናው ወፍራም ቫልቭ ብቻ ስለሆነ፣ የራሱን የእጅ ፓምፕ ካልያዘ ጎማው ተኝቶ ባለበት ይቀራል። የፍሬን ጎማው አንዳንዱ እንደ ላስቲክ ዕቃ ደረቅ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ይጮኻል እንጂ አይዝም። ቁልቁለት ላይ የማይዝ ፍሬን ሰው ይገድላል። ይህን ለሻጩ ስትነግረው «ወንድሜ፣ ሳይክል እኮ ነው፤ መኪና አስመሰልከው» ይልሃል።

ነጋዴው ላይ ብቻ አልፈርድም። እሱ የሚያመጣው የሚሸጥለትን ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዛሬ የጠየቅኸው ዋጋ በሳምንቱ ሌላ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ እጁ ላይ ያለውን ሸጦ መልሶ መተካት አቅቶት መደርደሪያው የተራቆተ ሱቅ አለ። ቢሆንም ከውጭ ዕቃ የምታስመጡ ወገኖች፣ ከመቶ የሕፃን ሳይክል ጋር አንድ ካርቶን ደህና ከመነዳሪና የፍሬን ጎማ ብትጨምሩ ምን ይጎዳችኋል? ገዢው እዚሁ አጠገባችሁ አለ።

ከዚህ ሁሉ መካከል ሳላመሰግን የማላልፋቸው ሰዎች አሉ። ምናለሽ ተራ ያሉት ብረት ሠራተኞች ናቸው። ከተጣለ የአልጋ ብረትና ከአሮጌ ቱቦ ሻንጣ የሚታሰርበት ማስቀመጫ አጥፈው፣ በይደው፣ ለኮርቻው ኋላ ልክ አድርገው ይሰጡሃል። ሥዕል ካሳየሃቸው ይበቃቸዋል። በሌላ አገር ቢሆኑ ትልቅ ወርክሾፕ ይከፈትላቸው ነበር፤ እዚህ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ሸራ እየወጠሩ ነው የሚሠሩት።

ሳይክሉ ተዘጋጀ እንበል። አሁን ከመርካቶ መውጣት አለ። በሥራ ቀን የማይታሰብ ነው፤ ተሸካሚው ጆንያ ጭኖ እየሮጠ፣ የጭነት መኪናው ወደ ኋላ እየመጣ፣ የእጅ ጋሪው መንገዱን እየሞላ፣ ሳይክልህን ተሸክመህ በእግርህ መሄድ ይቀልሃል። ይህ የሥራ ቦታ ነው፤ ሁሉም እንጀራውን እየፈለገ ስለሆነ ቅር አይለኝም። እኛ የምንወጣው እሁድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት መንገዱ ባዶ ነው፤ የሚያስፈራው መሬቱ ነው። የፍሳሽ መውረጃው ፍርግርግ ብረት በመንገዱ ርዝመት አቅጣጫ የተደረደረ ስለሆነ ቀጭን ጎማ ይውጣል። አንዳንዱ ጉድጓድ ክዳኑ ተሰርቆ አፉን ከፍቷል። በጨለማ ይህ አይታይም። ከመካከላችን በዚህ ምክንያት እጁ ያልተላጠ፣ ቸርኬው ያልተጣመመ ሰው የለም። ክዳኑን የሰረቀውም፣ ሰርቆ ያመጣለትን ብረት በኪሎ መዝኖ የገዛውም የሚያውቁት ይመስለኛል፤ በዚያ ጉድጓድ የሚወድቀው ሳይክለኛ ብቻ አይደለም፣ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም እናትም ናት።

የከተማው ባቡር በአውቶቡስ ተራ አልፎ እስከ ቃሊቲ ይወርዳል። ሳይክላችንን ይዘን ብንገባበት ከመንገዱ ክፉውን ክፍል ባለፍነው ነበር። ሰው ለሰው ተጣብቆ በሚቆምበት ፉርጎ ግን ሳይክል የሚቆምበት ቦታ የለም። ስለዚህ በአብነት፣ በልደታ፣ በመስቀል አደባባይ አድርገን ሳሪስን፣ ቃሊቲን፣ አቃቂን በጎማ እንወርዳለን። መውረዱ ደስ ይላል፤ ከመርካቶ እስከ ቢሾፍቱ ወደ አምስት መቶ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ነው የምንጥለው፣ ጉልበትም አይጠይቅም። ደስታው ግን ጭነት መኪኖቹ እስኪነሱ ድረስ ነው። ከቃሊቲ በኋላ ገላን አለ፣ ዱከም አለ፣ ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሰው ኮንቴይነር አለ። የፈጣን መንገዱን ክፍያ የማይፈልግ ሁሉ እዚያው አሮጌው መንገድ ላይ ነው። ተሳቢው ባጠገብህ ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ቀጥሎ ወደ ጎማው ይስብሃል። የአስፋልቱ ጠርዝ ደግሞ ተቆርሶ ከአፈሩ ጋር የአንድ ስንዝር ልዩነት አለው። ወደ ውጭ ብትወጣ ትወድቃለህ፣ ወደ ውስጥ ብትገባ ትገጫለህ። ጥሩንባው የሚነፋው ጆሮህ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያኔ ደንግጦ መወዛወዝ ይመጣል።

በጎን ስድስት መኪና የሚያስኬደው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ አለ። ለዓመታት ሲያገለግል የቆየ፣ ልስልስ ያለ፣ ጠርዙ ሰፊ መንገድ ነው። ለእግረኛና ለሳይክል ክልክል ነው፤ ክልከላውም ተገቢ ነው፣ በዚያ ፍጥነት መካከል ሳይክል መግባት የለበትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ያህል መሬት ተወስዶ፣ ያን ያህል አጥር ታጥሮ፣ ከአጥሩ ውጭ ሁለት ሜትር ስፋት ያላት የጥርጊያ መንገድ ለእግረኛው፣ ለጋሪውና ለሳይክሉ ብትተው ኖሮ፣ የገላንና የዱከም ተማሪ በሰላም ትምህርት ቤት ይደርስ ነበር። እኛም ከኋላው እንከተል ነበር። ከሞጆ ወደ ዝዋይ የሚወርደው ፈጣን መንገድ ሲሠራም ይህ አልታሰበም። አዲስ መንገድ በተመረቀ ቁጥር ለእኛ የሚቀረን አሮጌው ነው፤ አሮጌውን ደግሞ የሚጠግነው የለም።

«እንግዲያው ሳይክሉን አውቶቡስ ላይ ጭናችሁ ሂዱ» የሚለን አይጠፋም። ሞክረነዋል። መናኸሪያ ስትደርስ ረዳቱ ከላይ እስከ ታች ያይህና «ጋሼ፣ የሷን የሁለት ሰው ትከፍላለህ» ይልሃል። ታሪፍ የት ተጻፈ ብትል የተጻፈ የለም፤ ሌላኛው ረዳት ግማሹን ይጠራል፣ ሦስተኛው «አልጭንም» ይላል። ከፍለህ ፖርቶመጋላ ላይ ትወጣለች። ላይዋ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ይጫንባታል። ስትወርድ ራጂው ተሰብሮ፣ የማርሹ ክንድ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው። ማን ይጠየቅ? ረዳቱ «በራስህ ኃላፊነት ነው የጫንከው» ይልና በሩን ይዘጋል። ኬላ ላይ ደግሞ ሌላ አለ። ጥበቃው ሳይክሏን ያያትና «ደረሰኝ አላት?» ይላል። ከዓመታት በፊት የተገዛች ያገለገለች ሳይክል ደረሰኝ ከየት ታምጣ? መኪና ያለው ሰሌዳውን ያሳያል፣ እኛ ፊታችንን ብቻ ነው የምናሳየው።

ከዱከም ወዲያ መንደሮቹ ይጀምራሉ። ከአስፋልቱ ወጥተህ በእርሻው መሃል ባለው የአፈር መንገድ ስትገባ፣ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት፣ አደዩ ፈክቶ፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ሆኖ፣ ነፋሱ ሲያስተኛው ታያለህ። ለዚያች ሰዓት ነው ሳምንቱን ሙሉ የምንጠብቀው። እዚያም ልጆች አሉ። አብዛኞቹ አብረውህ ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ስምህን ይጠይቃሉ፤ ይህ ደስ ይላል። ከመካከላቸው ግን አንዱ ድንጋይ ያነሳል። ሳይክለኛ ላይ ድንጋይ መወርወር በአገራችን የታወቀ ነውር ነው፤ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚነዱ የውጭ ሰዎች አገራችንን ሲያነሱ ከተራራዋ ውበት ጋር አብረው የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ስንሰማው እናፍራለን። ከልጁ ይልቅ የሚያሳዝነኝ አጠገቡ ቆሞ የሚስቀው አዋቂ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከቤታቸው ወጥተው የወረወረውን ልጅ ጆሮውን ይዘው «መንገደኛ ይደበደባል? እንዲህ ነው ያሳደግሁህ?» ሲሉት ሰማሁ፤ ቀጥለውም ለእኛ ውሃ አወጡልን። እንደሳቸው ያለ ሰው በየመንደሩ ቢገኝ ነገሩ በአንድ ትውልድ ያበቃ ነበር።

አብረውን የሚነዱ እህቶቻችን ያለባቸው ከዚህም ይብሳል። ስድቡ፣ ለከፋው፣ ሆን ብሎ መንገድ የሚዘጋባቸው ባለ ሞተር። ከእነሱ መካከል ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ሳይክላቸውን ሸጠዋል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ባወራ ቁጣዬን አልችለውም።

ቢሾፍቱ ገባን እንበል፤ ሐይቅ ልናይ ነው የመጣነው። ሐይቁ የታለ? የባቦጋያ ዳር በሪዞርትና በግል ግቢ ከታጠረ ቆይቷል፤ የሌሎቹም ዳርቻ በብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። ግንብ፣ በግንቡ ላይ ጠርሙስ ስባሪ፣ በሩ ላይ ጥበቃ። ሐይቁን ለማየት የመግቢያ መክፈል አለብህ፤ ክፍያው ለመኪና ባለቤት ቤተሰብ የተተመነ ነው። እንክፈል ብትል እንኳ «ሳይክል ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ አቁሙት» ይባላል። ከውጭ ማን ይጠብቀው? ስለዚህ አንዳችን ሳይክል እየጠበቅን ሌላው ገብቶ ሐይቅ አይቶ ይወጣል፤ ከዚያ እንቀያየራለን። እግዜር የፈጠረውን፣ የማንም እጅ ያልቆፈረውን ውሃ በፈረቃ ማየት እጅግ ያሳዝናል። ድሮ ቢሾፍቱ ያደጉ ሰዎች ከትምህርት ቤት ወጥተው ያለ ከልካይ ይዋኙበት እንደነበር ያወሩናል። ሆቴል አይሠራ አላልኩም፤ ሆቴሉ ሥራ ፈጥሯል። በሐይቁ ዙሪያ ለሕዝብ የተተወች አንዲት ጠባብ መሄጃ ግን ሊነፈገን አይገባም ነበር።

ማታ ደግሞ የአልጋ ነገር አለ። ፔንሲዮኑ «አልጋ አለ» ይልሃል፤ ሳይክሏን ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። ክፍል ውስጥ አይገባም፣ ወለል ያቆሽሻል፤ ጥበቃው ጋ ይደር። ጥበቃው ጋ ያደረች ሳይክል ጠዋት መብራቷ የለም፣ ወይም ፓምፗ የለም፣ ወይም የውሃ መያዣዋ የለም። ጥበቃው «እኔ ሰው አላስገባሁም» ብሎ ይምላል። ሁለት ካሬ ሜትር የሚቆለፍ ክፍል እኮ ነው የጠየቅነው፤ ለመኪና ሺህ ካሬ ሜትር ግቢ ከተነጠፈበት ቤት።

ስለ ዝቋላ ልናገር። ከቢሾፍቱ የሚወስደው መንገድ አቧራ ነው፤ እግሩ ሥር ደርሰህ ቀና ስትል ግን ድካምህ ይረሳሃል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡዬን በዓል ለማክበር ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን ያንን አቀበት በእግሩ ይወጣዋል፤ አናቱ ላይ ገዳሙና ሐይቁ ይጠብቁታል። እኛም እግሩ ሥር ሳይክላችንን ለገበሬ አደራ ሰጥተን በእግር የወጣንበት ዘመን ነበር፤ ያ ገበሬ ሳይክላችንን በሳር ሸፍኖ፣ ልጁን አስቀምጦ ነበር የጠበቀልን። ምልክት የለው፣ ካርታ የለው፣ መንገዱን የሚመራህ የመንደሩ ሰው ነው፤ በቂም ነበር። የካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ አባቶች ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ ዝቋላን ከሩቅ እያየን ነው የምንመለሰው። በዚህ ፊት የእኛ የጎማና የፍሬን ብሶት ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ሰው ያለ ስጋት ተራራ የማይወጣበት አገር ሲሆን ማዘን የሁላችንም ነው።

ወንጪም እንዲሁ ሆነብን። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ጋር መዘገበው፤ በገበታ ለሀገር ሎጅ ተሠራለት፣ መንገድ ወጣለት። በወሊሶ ገብቶ፣ ሐይቁ ላይ አድሮ፣ በአምቦ፣ በጊንጪና በሆለታ ዞሮ ወደ መርካቶ ከመመለስ የተሻለ ለሳይክለኛ የሚሆን ዙር አላውቅም፤ ሐይቁ፣ ደጋው፣ እንሰቱ፣ ፍል ውሃው ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ነው። ግን በሄድን ቁጥር መጀመሪያ የምንደውለው ለዘመድ ነው፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብለን። «ቆይ እስኪ ይህ ሳምንት ይለፍ» ይሉናል። ሳምንቱ አያልፍም። ጣና ዳር ያሉ ወዳጆቻችንም በአካባቢያቸው ግጭት ከተነሳበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ «ኑ» ብለውን አያውቁም፤ እነሱ ራሳቸው ወደ ጢስ ዓባይ ለመንዳት ያመነታሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ይጠብቀናል። አቃቂን አልፈን ወደ ከተማው ስንገባ እግራችን ዝሏል። እዚህ ላይ ደግሞ ተስፋ የሰጠን ነገር አለ። ከተማዋ ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ባለው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂዋ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የሳይክል መንገድ አቅዳለች፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የሳይክል መስመሮች ተሠርተዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀን ሲመጣ ሕፃናት በአስፋልት ላይ ሲነዱ ማየት ዓይን ያበራል። ለዚህ ምስጋና ይገባል። መስመሩ ግን ድንገት ያልቃል። በሚያምር ቀለም የተቀባው መንገድ አደባባይ ሲደርስ ይቆማል፣ ሳይክለኛውም መኪና መሃል ተጥሎ ይቀራል። ባልተቋረጠበትም ቢሆን መኪና ቆሞበታል፣ ባለ ሞተር ይበርበታል፣ ድንኳን ተተክሎበታል። ወደ መርካቶ ስንቃረብ ደግሞ ያም የለም። በቀን ስንት ሺህ ሰው በእግሩና በእጅ ጋሪው የሚንቀሳቀስበት የአገሪቱ ትልቁ ገበያ፣ ሳይክል ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ሳይክል ታስሮ የሚቆምበት አንዲት የብረት ዘንግ እንኳ አላገኘም። ሳይክሉን ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ጋር አስሮ የሄደ የሱቅ ሠራተኛ ሲመለስ ጎማው ተፈትቶ ያገኘዋል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለማማረር ብቻ አይደለም፤ የምለምነው አለ። የመናኸሪያ ኃላፊዎች፣ የሳይክል ጭነት ዋጋ በሰሌዳ ላይ ጻፉልን፤ ውድም ቢሆን እንከፍላለን፣ ክርክሩ ነው የሰለቸን። ፔንሲዮን ያላችሁ፣ አንድ የሚቆለፍ ክፍል ስጡን፤ እሁድ እሁድ እንሞላላችኋለን። የቢሾፍቱ ከተማ አስተዳደር፣ በአንዱ ሐይቅ ዳር እንኳ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መሄጃ አስቀሩ። መንገድ የምትሠሩ፣ የፍሳሽ ብረቱን በአግድም ግጠሙት፤ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። በአሮጌው መንገድ ላይ የምትመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር ወንድሞቼ፣ ከፊታችሁ ሳይክል ስታዩ ጥሩንባውን ከሩቅ ንፉ፣ ስታልፉንም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁልን።